«ሳህኑ ባዶ ሆኗል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የሰፈራችን የሕፃናት ማቆያ ዋና ኃላፊ፦

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተደረደሩት አበቦችም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲገኙ፣ የጠዋት ሻይዎንም ሳይቀዘቅዝ እንዲጠጡ ከልብ እመኛለሁ።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር በመናገር ልጀምር። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ጠዋት ጠዋት አፍንጫዋን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ለመተንፈስ አፏን ስትከፍት ማንኪያውን እከትባት ነበር። አምስት ወር ሙሉ። ባለቤቴ ይህን ሳያውቅ ሞተ። ልጄም የምታስታውሰው አይመስለኝም፤ ነገር ግን ዛሬ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ምግብ ፊቷ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ከመዋጧ በፊት ግራ እጇ ወደ አፍንጫዋ ይሄዳል። የሥራ ባልደረቦቿ ጉንፋን የማይለቃት ይመስላቸዋል። እኔ ግን እጇ የማንን ጣት እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

ይህ የእኛን መሥሪያ ቤት ምን አገባው እንደሚሉ አላጣሁትም። እደርስበታለሁ። ምስጋና ግን ይቀድማል።

እኔ ባለቤቴ በተወልኝ የስፌት መኪና የምተዳደር ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ፈረቃዋ የሚጀምረው ልጇ ከመንቃቷ በፊት ነው። ስለዚህ የልጅ ልጄን ሚጢን ቀስቅሼ፣ አብልቼና አልብሼ ልክ በሁለት ሰዓት በርዎ ላይ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነው። ቤት እንዳላውላት፣ የምሠራበት ክፍል መቀስ፣ መርፌና የጋለ ካውያ ያለበት ነው፤ እሷ ደግሞ ያየችውን ሁሉ ካልነካሁ የምትል የሁለት ዓመት ልጅ ናት። ማቆያው ከቀረ ወይ የእኔ መኪና ወይ የልጄ ፈረቃ ይቆማል።

ባለፈው ወር «ለሕፃናት አሥራ አራት ቀላል ቁርሶች» የተባለውን የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ከነቅጹ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅጹ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ ሳህኑ ባዶ ሆኗል? አዎ፣ ወይም አይደለም። ፊርማ። ጥያቄው አጠገብም ተልሶ የተወለወለ የሚመስል ባዶ ሳህን በትልቁ ተሥሏል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ «አይደለም» የተመዘገበበት ልጅ ቦታውን ለተጠባባቂ እንደሚለቅም ከሥሩ ተገልጿል። ሚጢ ሁለት ነበራት። አሁን የቀን እንቅልፏን ተኝታለች፤ እስክትነቃ ድረስ ያሉኝን ቅሬታዎች በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጽሐፉ እያንዳንዱ ገጽ ላይ «የዝግጅት ጊዜ፦ አምስት ደቂቃ» ይላል። እኔ የሙዝና የእንቁላሉን ጥብስ በግድግዳ ሰዓት ብለካው አርባ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጥፋቱ የመጽሐፉ እንዳልሆነ በትሕትና አምናለሁ። ጸሐፊው ሙዙን ልትልጥ ስትነሣ «እኔ!» የምትል፣ ከተላጠ በኋላ «መልሺው» ብላ የምታለቅስ፣ ልጣጩ አልመለስ ሲል ደግሞ አንድ ጫማዋን አውልቃ ከማቀዝቀዣው ኋላ የምትወረውር ልጅ አላጋጠመችውም። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ልጅ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ልብስ ሰፊ ነኝና ልብስ አይደበቀኝም፤ ሸሚዙ ከማሸጊያው ሲወጣ የነበረው እጥፋት እንኳን ገና አልጠፋም።

2ኛ. በሦስተኛው ቁርስ መሠረት የተጠበሰውን እንቁላል በዓሣ ቅርጽ ቆርጬ፣ ዓይኑን በአንዲት አተር ሠርቼ አቀረብኩ። መጽሐፉ «ልጅዎ ይደሰታል» ባለው መሠረት ሚጢ እጅግ ተደሰተች። ከደስታዋም ብዛት ዓሣውን ወስዳ አልጋዋ ላይ አስተኛችው፣ ብርድ ልብስ አለበሰችው፣ እኔንም «እሽሽ፣ ተኝቷል» ብላ ከክፍሉ አስወጣችኝ። ሳህኑ በእርግጥም ባዶ ነበር። የሕግ ዕውቀት ስለሌለኝ «አይደለም» ብዬ ፈረምኩ። የመጀመሪያዋ ይህች ናት።

3ኛ. በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠው ዳቦ አንድ ጫፉ ተሰበረ። «ለጥፊው» አለችኝ። ዕድሜዬን የተቀደደ ሱሪ ስለጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዳቦ ግን አልተለጠፈልኝም። ኮከቡ በእንባ ርሶ ተጣለ። ሁለተኛዋ ይህች ናት።

4ኛ. ባለሙያዎችዎ ከልጅ ጋር ላለመጨቃጨቅ ሁልጊዜ ሁለት ምርጫ ይስጡ ብለው ስለመከሩ፣ እርጎ ነው ወይስ የአጃ ገንፎ ብዬ ጠየቅኋት። «ውሻ» አለችኝ። ይህ ምርጫ በመጽሐፉ ስለሌለ በሚቀጥለው እትም እንዲታሰብበት አመለክታለሁ።

5ኛ. ከዚያ በኋላ ባሉት ዘጠኝ ቀናት ሳህኑ ባዶ ሆኗል። የበላሁት እኔ ነኝ። ሚጢ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሳ ፊቷን ስታዞር፣ እኔ ቆሜ እየዋጥኩ በሌላ እጄ «አዎ» ላይ ምልክት አደርግ ነበር። የቀሚሴን ጎን በሁለት ጣት አስፍቻለሁ። ብቻዬንም አይደለሁም። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የሆነችው የመንትዮቹ እናት በቀደም ለት ከበርዎ ፊት ተሰልፈን ሳለ ሆዷን ይዛ፣ «እማማ፣ እኔ እኮ ሁለት ሳህን አጃ ውጬ ነው የመጣሁት፤ እርስዎ በአንዱ ነው እንዴ የሚያማርሩት?» ብትለኝ ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ማቆያዎ የሕፃናቱን ክብደት በየወሩ ይመዝናል። የእናቶችንም ቢመዝን የመጽሐፉን ውጤት ቁልጭ አድርጎ ያየው ነበር።

ይቅርታ፣ ተነሥቼ ነበር። የነቃች መስሎኝ ነው፤ አልነቃችም። ዛሬ እንደተቀመጥኩ መቆየት አልቻልኩም፤ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ የተሰፋ ልብስ ደግሜ ተኮስኩ። ስድስተኛውን መጻፍ ስላለብኝ ነው።

6ኛ. ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ የልጄ ክብደት አንሷል ተብዬ ጤና ጣቢያ ተጠራሁ። ነርሷ ሥራ በዝቶባት ስለነበር፣ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ወደ ግድግዳው እያመለከተች እዚያ እንዳለው አድርጊ አለችኝ። ማንበብ አልችልም ማለት አሳፈረኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሦስት ሥዕሎች ነበሩት። በአንደኛው እናት እጇን ትታጠባለች። በሁለተኛው ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። በሦስተኛው የልጇን አፍንጫ በሁለት ጣቷ ይዛ ማንኪያ አፉ ውስጥ ትከታለች። እኔም ቤቴ ገብቼ ሦስቱንም በተራ አደረግኋቸው። ከአምስት ወር በኋላ ልጄ ክብደት ጨመረች፤ ያቺው ነርስ ከፍ አድርጋ አንሥታት ለተሰበሰቡት እናቶች ከእኔ እንዲማሩ ነገረቻቸው። ባለቤቴ ልጄን አፋፋሽልኝ ብሎ የቀሚስ ጨርቅ ገዛልኝ። ያንን ቀሚስ አልሰፋሁትም፤ ጨርቁ እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ አለ።

ንባብ የለመድኩት ኋላ ነው፤ ባለቤቴ የልብስ ልክ ከሚቆርጥባቸው አሮጌ ጋዜጦችና ልጄ ከአንደኛ ክፍል ይዛው ከመጣችው የፊደል መጽሐፍ ለቃቅሜ። ልጄ በሰባት ዓመቷ ሳል ይዟት እዚያው ጤና ጣቢያ ተራ ስንጠብቅ፣ ያ ወረቀት እዚያው ግድግዳ ላይ ነበር። አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ ብዬ በኩራት ከሦስተኛው ሥዕል ሥር ያለውን አነበብኩ። «እንዲህ አድርገው በፍጹም አያብሉ» ይላል። ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ሥዕሉ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰመረ የቀይ ክልከላ ዱካ አለበት። ወረቀቱ ከመስኮት ፊት ለፊት ስለነበር ፀሐይ ቀዩን አጥፍታ ጥቁሩን ትታዋለች። ልጄ ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «እማዬ፣ ምን ይላል?» አለችኝ። እጅሽን ታጠቢ ነው የሚለው አልኳት።

7ኛ. ዛሬ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። አጃው ቀዝቅዟል፣ ሚጢ አፏን ገጥማለች፣ እኔን የሰው ቁርስ መብላት አንገሽግሾኛል፣ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እጄ ተነሣ። እኔ አላነሣሁትም ብል ሐሰት ይሆናል። ሁለቱ ጣቶቼ አፍንጫዋ ላይ አረፉ። ገና ሳልጨምቅ ሚጢ ጨዋታ መሰላትና በሳቅ ፍርስ አለች፤ በአጃ የተለወሰች እጇን ዘርግታም የእኔን አፍንጫ ያዘችው። አጥብቃ ነው የያዘችው። ለመተንፈስ አፌን ስከፍት ማንኪያውን አንሥታ ከተተችብኝ።

ማንኪያ በዚያ መንገድ ሲገባ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ትን አለኝ። እሷ አጨበጨበች።

ከዚያ በኋላ ሳህኑን አነሣሁት፤ ወደ ማቆያውም አልመጣንም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ለራሴ ከትናንት የተረፈ ቅቅል ድንች፣ የዳቦ ቁራጭና አንድ ኩባያ ወተት ይዤ ስበላ፣ ሚጢ መጥታ ከጎኔ ቆመች። አልሰጠኋትም፣ አልለመንኳትም፤ ሳህኔን ወደ እሷ ጠጋ አደረግሁት ብቻ። ድንቹን በላች። ዳቦውን ወተቴ ውስጥ እያጠቀሰች ሦስት ጊዜ ጎረሰች። ትንሽ ቆይታ ግማሽ ሙዝ፣ ከነልጣጩ ይዛ፣ እየተራመደች በላች። ይህን እንደ አሥራ አምስተኛ ቁርስ ሊመዘግቡልኝ ይችላሉ። የዝግጅት ጊዜው ዜሮ ነው፤ ቅርጽ የለውም፤ ሳህኑም ባዶ አልሆነም፤ የድንቹ ልጣጭ ቀርቶበታል።

ተነቃነቀች መሰለኝ፤ ላሳጥረው። በመጽሐፍዎ የመጨረሻ ገጽ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ሥር፣ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባበትን መብራት አብርቼ አንድ ዓረፍተ ነገር አግኝቻለሁ። «ልጅዎን እንዲበላ አያስገድዱ» ይላል። የተከበሩ ኃላፊ፣ እንዴት ያለ ግሩም ምክር ነው፤ ምነው ሰው እንዳያየው እንዲህ ተጠነቀቁለት? የሳህኑ ሥዕል መዳፍ ያህላል። ከሚሰለፉት እናቶች መካከል ማንበብ አልችልም ማለት የምታፍር አንዲት ብትኖር፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚታያት ከእኔ የተሻለ የሚነግርዎ ሰው አያገኙም። እባክዎ ጥያቄውን ከቅጹ ያውጡት፤ ከመጽሐፉ መጨረሻ ያለችውንም ዓረፍተ ነገር በሥዕሉ ቦታ፣ በሥዕሉ ልክ ይጻፏት። ማንበብ ለማይችሉትም በርዎ ላይ በቃል ትነገር።

ነገ በሁለት ሰዓት ሚጢን ይዤ በርዎ ላይ እገኛለሁ። የዛሬው ቅጽ በእጄ ነው፤ «አይደለም» ይላል። የዘጠኙንም ቀን «አዎ» በዚህ ደብዳቤ ሰርዤ አርሜያለሁ። ስለዚህ ሚጢ ሦስት ሳይሆን አሥራ ሁለት «አይደለም» አላት፤ በዚህ በኩል ከማቆያው አንደኛ ሳትሆን አትቀርም። ቦታዋን ለመውሰድ አሥራ ሁለት ምክንያት አለዎት። ላለመውሰድ ግን ከዚህ ደብዳቤ ሌላ የማቀርብልዎ የለኝም።

ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሕፃናት ሁሉ ለሥርዓት የሚመቹበትን ቀን ያሳይዎ ዘንድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ ጣቶቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ የምትጠብቀው፣

የሚጢ አያት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ በቢሮዎ በር ላይ በየቀኑ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ «ቁርስ ላይ ነኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አያለሁ። ሳህንዎ ባዶ መሆኑን የሚያጣራ አካል ባለመኖሩ ተጨንቄ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ አንድ ቅጽ አዘጋጅቼ አያይዣለሁ። አዎ፣ ወይም አይደለም። ፊርማዎን እንዳይረሱ።

ግልባጭ፦
ለማቆያው ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ ነገ ጠዋት ራሴ ለጥፌ፣ ለሰልፈኛው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ።
ለልጄ፤ ከሁሉም በፊት፣ ዛሬ ከሥራ ስትመለስ በእጇ የምሰጣት። ግድግዳው ላይ ተጽፎ የነበረው፣ ልጄ፣ እጅሽን ታጠቢ አልነበረም።