አባዬ አለቃን ያስተካከለ ዕለት

ጥቅምት 9 ቀን
ከፀጉር ቤቱ በስተኋላ ካለችው ክፍል

ሩቅ ሆነሽ ለማትርቂኝ እህትዓለሜ፣

እኛ ደህና ነን። አክስቴ ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። አባዬ ደህና ነው፤ መቀሱም ደህና ነው፤ ጣጣው የመጣውም ከእሱ ነው። «ለእሷ እንዳትጽፊ» ተብያለሁ። ስለዚህ እየጻፍኩልሽ ነው።

ትተሽልን የሄድሽው በቀቀን፣ አለቃ፣ ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ በሩን ሲከፍት ሹልክ ብሎ ወጣና ማዶ ያለው የመብራት ምሰሶ ላይ ጉብ አለ። አባዬ አንዱን ሰውዬ በግማሽ ፂሙ ጥሎት፣ መንገድ መሀል ቆሞ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ሲለማመጥ ብታዪው። ሰውዬውም አረፋውን እንደተቀባ አብሮት ይለማመጣል። አለቃ ሲሰለቸው በገዛ ፈቃዱ ወረደ።

ማታ አክስቴ «የክንፉን ላባ ከርክመው፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው» አለች። ወፍ አሳድጋ አታውቅም፤ ግን እሷ የማታውቀው ምን አለ?

«አያመውም?» አልኩ።

«አንቺን ፀጉርሽን ስትቆረጪ ያምሻል?» አለ አባዬ። «በሁለት ሳምንት ይበቅላል።»

መጀመሪያ ግራውን ቆረጠ። ራቅ ብሎ አየው። ቀኙን ቆረጠ። «ቀኙ አጠረ» ብሎ ወደ ግራው ተመለሰ። ለፎቶ ብሎ የግንባርሽን ፀጉር ሲያስተካክል ሲያስተካክል እንዴት እንደጨረሰው ትዝ ይልሻል አይደል? እንደዚያው ነው።

በነጋታው አለቃ ከመስታወቱ አናት ላይ ሆኖ፣ አንቺ ከቤት ስትወጪ ሁልጊዜ የምትይውን በአንቺው ድምፅ «መጣሁ» አለና እንደ ልማዱ ወደ አባዬ ትከሻ ዘለለ። እንደ ድንጋይ ወረደ። ደረቱ ወለሉን ሲመታ የተሰማውን ድምፅ አልጽፍልሽም።

ደረቱ ተሰንጥቆ ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ሰፋችውና «አባቴ፣ ላባ እኮ ፀጉር አይደለም» አለችው። «የተቆረጠው ጊዜው ደርሶ ከነሥሩ ካልወለቀ አዲስ አይወጣም። ብዙ ወር ይፈጃል።»

«የሚቀባ ነገር የለውም?» አለ አባዬ። ለራሰ በራዎች የሚሸጠውን ቅባት አስቦ መሰለኝ።

«መጠበቅ ብቻ ነው።»

እየጠበቅን ነው። አንዲት ላባ ብቅ ብላ ነበር፤ ገና ሥሯ ደም እንደያዘ፣ አለቃ ሲወድቅ ተሰበረች። አሁን ደግሞ የደረቱን ላባ በገዛ አፉ እየነቀለ ነው። ሐኪሟ «ሲፈራ የሚሸሽበት የለውም፤ ፍርሃቱን በራሱ ላይ ይወጣዋል» አለች። ዝቅ ያለ መቀመጫ ሠራሁለት። ዘፈንኩለት። አክስቴ ስትቆጣ ደስ ይለው አልነበር፣ ሆን ብዬ አናደድኳት። ዞር ብሎም አላየን። እህትዓለም፣ ቀልድ ሲያልቅብኝ ምን እንደማደርግ ለካ አላውቅም።

አባዬ የደንበኞቹን ትራስ ሁሉ ወለሉ ላይ አነጠፈው። ሰዉ ደረቅ እንጨት ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ «ለወፉ ደረት ሲባል የእኛ መቀመጫ ይላጥ?» ቢሉት አልሳቀም። አክስቴም «እኔ እኮ ጫፉን ብቻ ነው ያልኩት» ማለት ጀምራለች።

ትናንት ለምሳ ሲዘጋ መጥረጊያ ልወስድ ብገባ፣ አባዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ትከሻውን አለቃ አጠገብ አስጠግቷል። በመሀላቸው ስንዝር ብትሆን ነው። «እንዳትሄድብኝ ብዬ እኮ ነው» ይለዋል። እኔን አላየኝም። ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ጠርቶ አያውቅም፤ ትናንትም አልጠራሽም።

አለቃ ትከሻውን አየ። በአንቺ ድምፅ «መጣሁ» አለ።

ከቦታው ግን አልተነቃነቀም። አባዬም አልተነሳም።

ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ግንባርሽን ከአባዬ መቀስ ይጠብቅልኝ። ነይ አልልሽም። ግን በምሳ ሰዓት ደውዪ፤ ስልኩን ወለሉ ላይ፣ ትራሱ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ለአለቃ ነው። አባዬም ከዚያ አካባቢ አይጠፋም።

ነገረኛዋ እህትሽ