ኃላፊ የሌለው ድልድይ

ሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 1956

«በቦርከና ወንዝ ላይ በበጎ ፈቃድ በተሰባሰቡ ሰዎች የተሠራው የእግረኛ ድልድይ በተደረገው ምርመራ ለሕዝብ ሕይወት አደገኛ ሆኖ ከመገኘቱም በላይ፣ ሥራው ኃላፊ የሌለው ስለሆነ፣ እስከ ግንቦት 30 ቀን ድረስ ፈርሶ ቦታው እንዲለቀቅ በጥብቅ እናስታውቃለን።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። ማኅተም አለበት፤ የመርማሪ ስም ግን የለበትም።

ደብዳቤውን ያመጣው ተላላኪ እኔን ያገኘኝ ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ መጥቶ ሰጠኝ፣ አስፈረመኝ፣ በዚያው ድልድይ ተመልሶ ሄደ። «አደገኛ መሆኑን አልነገሩህም?» ብዬ ጮህኩበት። «እኔ ወረቀት ነው የማደርሰው፣ ጌታዬ» አለ ከመሐል ቆሞ። ገመዱን ይዞ ትንሽ ተወዛወዘበት እንኳ።

ኃላፊ የሌለው! አምስት መሐንዲሶችና አንድ ብረት ሠራተኛ የዓመት ዕረፍታችንን እየሰጠን ሁለት ዓመት ደከምንበት። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የብረት ገመድ ክር በክር የመረመርኩት በእነዚህ ጣቶች ነው። የበጎ ፈቃድ ማኅበራችን ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ንድፉ ላይ ያለው ፊርማም የእኔ ነው።

የምጠይቃቸው፦
መርማሪው ማነው?
በየትኛው ቀን መጣ?
በምን ለካ?
ድልድዩ ከፈረሰ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም የማዶውን ሰው ማን ያሻግረዋል?

አራተኛውን የሚመልስልኝ የለም። ወፍጮው፣ ሐኪም ቤቱ፣ ገበያው፣ ሁሉም ከወንዙ ወዲህ፣ ከሚሴ ነው። ክረምት ሲገባ የማዶው ሰው ቦርከናን ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ከሦስት ዓመት በፊት የዘሃራ ወንድም ጊደር ሊያሻግር ገብቶ ቀረ። ዘሃራ ወተት ሻጭ ናት። እሱን የዋጠው ቦታ ላይ ነው ድልድዩን የሠራነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

በእህል መኪና ደሴ ገባሁ። ደብዳቤውን የላከው ሹም ዘንድ ለመቅረብ ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል በር ላይ ቆምኩ። አልተቀመጥኩም። ወንበር የሰጠኝን ዘበኛ አመስግኜ ቆምኩ።

ሹሙ ጨዋ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። «አቶ ዘውዴ፣ የእርስዎን ትምህርት ማን ይክዳል? ነገር ግን ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው። ደመወዝ የሌለው ሰው ነገ ቢሄድስ? ድልድዩ ቢወድቅ ማንን ይዘን እንጠይቃለን?»

«እኔን።»

ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ የቀለድኩ መስሎት ነው።

የምርመራውን ወረቀት አሳዩኝ አልኩ። ፈቀደ። ሁለተኛው መስመር ላይ «የእንጨት ምሰሶዎቹ በምስጥ ተበልተዋል» ይላል። ድልድያችን ምሰሶ የለውም! በገመድ የተንጠለጠለ ነው። ሹሙ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ግን መሳቢያው ውስጥ ከተተውና «ቢሆንም ጥንካሬውን የሚያስረዳ ነገር የለኝም» አለ።

አመጣልዎታለሁ አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ጥያቄው ትክክል ነው። ጠላቴ አንድ ትክክለኛ ነገር ሲናገር ቁጣዬ ያነክሳል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ድልድዩን በጭነት እፈትነዋለሁ። አርባ ኩንታል። በሒሳቤ መሐሉ ዐሥራ ስምንት ሳንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት፣ ጭነቱ ሲነሳ ደግሞ መመለስ አለበት። በሰው አልፈትንም፤ ጆንያ በአሸዋ ሞልተን እንጭናለን።

ማዶ ሄጄ ጆንያ ለመንኩ። ሽማግሌው ሼህ ሁሴን ከዋርካው ሥር ሰዎቹን ሰበሰቡልኝ። «አካም ጅርታ» ብዬ በሰላምታ ጀመርኩና ኦሮምኛዬ እዚያው አለቀ፤ በአማርኛ ቀጠልኩ። እንደ ሁልጊዜው ሳቁብኝ።

ችግሩ ወዲያው ወጣ። ክረምት ስለደረሰ ማሽላውን ሰሞኑን ከጉድጓድ አውጥተውታል። በመንደሩ ያለው ጆንያ ሁሉ ሙሉ ነው።

ሼህ ሁሴን፦ «ለጆንያው ብለን እህሉን ከምንደፋ ከነእህሉ ውሰደው። መቼም ለክብደት ነው የፈለግኸው።»

አይሆንም አልኩ። የሰው የዓመት ቀለብ ወንዝ ላይ አልሰቅልም።

ያኔ ዘሃራ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። «አንቱ መሐንዲሱ፣ እኛን በየቀኑ ሊያሻግሩበት አይደል የሠሩት? ታዲያ ከእኛ እህላችን በለጠብዎት?»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «እንግዲያው ነገ አምጡት» አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

በአህያና በትከሻ አመጡት። ከሃያ ሦስት ቤት አርባ ኩንታል ማሽላ። ከነጋዴ በተዋስነው ሚዛን አንድ በአንድ መዘንኩ። ሁለቱ ጎድለው ተገኙና መለስኳቸው፤ ባለቤቶቹ ተቆጡ፣ ሄደው ሞልተው መጡ። ዘሃራ ጆንያዋ አፍ ላይ ቀይ ክር አስራለች፤ እንዳይቀየርባት።

ብረት ሠራተኛው ወርቁና ዐሥር ጎልማሶች ከሁለቱም ዳር እያመጣጠኑ ደረደሩ። እኔ መሐሉ ስንት ሳንቲሜትር እንደወረደ በቅየሳው መነጽር አነባለሁ። በዐሥረኛው ኩንታል አምስት። በሃያኛው ዘጠኝ። በአርባኛው ዐሥራ ሰባት!

ዐሥራ ሰባት። ከሒሳቤ በአንድ ያነሰ። ባርኔጣዬን ወደ ላይ ወረወርኩ፤ ነፋስ ወስዶ ቦርከና ውስጥ ጣለው። ሼህ ሁሴን «አልሐምዱሊላህ፣ ወንዙ ባርኔጣ ብቻ ወስዶ ተወን» አሉ።

ጭነቱ እስከ ነገ ጧት ይቆያል። ደንቡ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ጧት አንድ ሰዓት ላይ መነጽሩን አስተካከልኩ። ሃያ አንድ።

እንደገና አነበብኩ። ሃያ አንድ። ወርቁ አነበበ። ሃያ አንድ። ድልድዩም ወደ ግራ ዘመም ብሏል።

ጭነቱን በጥንቃቄ አስወረድኩ። ከዚያ ገመዱ የታሰረባቸውን የሲሚንቶ ግንቦች አንድ በአንድ መረመርኩ። በማዶው ዳር፣ በግራ በኩል፣ የገመዱ ጫፍ አጥብቀው ከሚይዙት የብረት መቆንጠጫዎች ውስጥ ተንሸራቷል። መቆንጠጫዎቹ ሦስት ናቸው። ንድፉ አምስት ይላል።

የጥር ማስታወሻዬን ገለጥኩ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ «በማዶ ግራ ሁለት መቆንጠጫ ጎደለ፤ ከደሴ ይምጣ።» አልመጣም። አልጠየቅኩም። ድልድዩን ጨርሻለሁ ብዬ ፈረምኩ። ሌላ ሰው ይህን ቢያደርግ ኖሮ ከማኅበሩ አስወጣው ነበር።

ወርቁ ቀስ ብሎ፦ «ጋሼ፣ ሁለት ብረት አይደል? አምጥቼ ላስርና ይለቅ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እርስዎማ ይወቁ። ግን ለሹሙ ከጻፉለት ያፈርሰዋል።»

እውነቱን ነው። የውሸት ወረቀት የጻፈው ሰው እግሩን ሳያነሳ ግማሽ እውነት ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ብናገር ድልድዩን፣ ዝም ብል ራሴን አጣለሁ።

ከጁምዓ በኋላ ዋርካው ሥር ቆሜ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ ሦስቱንና አምስቱን በጣቴ አሳየሁ። መተላለፊያው እስኪጠገን ዝግ ነው።

ዘሃራ፦ «እናቴ ከጥር ጀምሮ የተመላለሰችው በሦስት ብረት ነው?»

«አዎ።»

ሻሿን አጥብቃ አስራ ጥላኝ ሄደች። ሼህ ሁሴን ግን «ይህን ለመንግሥትም ትጽፋለህ?» አሉ። እጽፋለሁ አልኩ። ከኋላ አንዱ «ጻፍና ክረምቱን በጀርባህ ታሻግረናለህ!» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ሼህ ሁሴን አልሳቁም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ወርቁ ለመቆንጠጫ ደሴ ሄደ። ሁለት ሳይሆን ስምንት እንዲያመጣ አዘዝኩት።

የሆነውን ሁሉ ትናንት ለማኅበሩ አባላት አስታውቄ ነበር፤ ዛሬ ከአዲስ አበባ የመልስ ቴሌግራም መጣ። ሁለት የማኅበሩ አባላት የማላቋርጠው ሥራ አለኝ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሁኔታ አይፈቅድም፣ ወዘተ ብለው ስማቸው ለሹሙ በምጽፈው ደብዳቤ ላይ እንዳይገባ ለመኑ። ሰረዝኳቸው። ከደብዳቤው ብቻ ሳይሆን ከልቤም።

ማዶ አልተሻገርኩም። መተላለፊያውን በራሴ እጅ ነው የዘጋሁት። ሰዎቹ ውሃው ዝቅ ባለበት በእግራቸው ይሻገራሉ፤ አሁን ጉልበት ድረስ ብቻ ነው። አሁን።

እሑድ፣ ግንቦት 9

ሰንበት ነው ብሎ ወርቁ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ከቅዳሴ ተመልሶ መጣ። ገመዱን ወጥረን ሁሉንም ጫፎች መረመርን። የጎደለው ቦታ ላይ አምስት አደረግን፣ አንድ ደግሞ ለእልኬ ጨመርኩ። እያንዳንዱን ብሎን ወርቁ ካጠበቀው በኋላ እኔ አጠበቅኩት። «አያምኑኝም እንዴ ጋሼ?» አለ። የማላምነው ራሴን ነው አልኩት።

እንደገና መጫን አለበት። ጆንያ ለመጠየቅ ግን ምን ፊት አለኝ? አልጠየቅኩም። ነገ አሸዋ በሣጥን እናመላልሳለን።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ጧት ሣጥኖቹን ይዘን ስንደርስ በማዶው ዳር አንድ ጆንያ ቆሟል። አፉ ላይ ቀይ ክር።

ዘሃራ ከኋላው ተቀምጣለች። «ምን ያዩኛል? ይመዝኑ እንጂ! ዛሬ ከወደቀ ግን ወላሂ፣ እኔንም እናቴንም እስክንሞት ይቀልቡናል።»

«እስማማለሁ።»

«ወተትም አልሸጥም። ቁጭ ብዬ ነው የምበላዎት።»

እስከ አራት ሰዓት ድረስ አርባው ሞላ። ከሃያ ሦስቱ ቤት ሁለቱ አላመጡም፤ ሌሎቹ አሟሉ። ያላመጡትን አልወቅስም።

በአርባኛው ኩንታል ዐሥራ ስምንት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ዐሥራ ስምንት! ጧት አንድ ሰዓት ላይ ዐሥራ ስምንት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ዐሥራ ስምንት። ስናራግፈው ዜሮ። መተላለፊያውን ከፈትኩ። መጀመሪያ እኔ ሄድኩና ተመለስኩ፤ ከዚያ የዘሃራ እናት በምርኩዝ፣ ማንንም ሳትይዝ።

ደብዳቤውን እዚያው ሣጥን ላይ ጻፍኩ። ሦስቱን መቆንጠጫዎችም ጻፍኩ፣ የጥር ማስታወሻዬን ቃል ጨምሬ። ለሼህ ሁሴን አነበብኩላቸው። «ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ።

«አንተ አዲስ አበባ ትሄዳለህ። ኃላፊ ከጠየቁ እኛም አለን።»

የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ አትፈርሙ ብዬ ተከራከርኩ። ዘሃራ አቋረጠችኝ፦ «እህሌን ስሰቅል ያልከለከሉኝ አውራ ጣቴን ይከለክሉኛል?» ቀለሙን ወርቁ አቀረበ። ሃያ ሦስት አውራ ጣት። ያላመጡት ሁለቱም መጥተው አተሙ።

ሹሙ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ጥፋቴን ይዞ ሊያፈርሰው ይችላል። የሚያፈርስ ሰው ግን መጀመሪያ እነዚህን ጣቶች ይቁጠር። መጨረሻውን እዚህም እገለብጠዋለሁ፦

«…የእንጨት ምሰሶ የሌለውን ድልድይ ምሰሶው ተበልቷል ያለው መርማሪ ስሙና የመጣበት ቀን ይገለጽልን። የእኔን ጥፋት ከነስሜ ጽፌአለሁ፤ የእርሱም ከነስሙ ይጻፍ። ልኬቱን የሚጠራጠር ሰው ይምጣ፤ ማሽላው ሦስተኛ ጊዜ ይሰቀልለታል፤ መነጽሩን ራሱ ያንብብ። የማፍረሱ ትእዛዝ መሻሩ ወይም የማይሻርበት ምክንያት በጽሑፍ፣ ተፈርሞበት፣ እስከ ቅዳሜ ግንቦት 22 ቀን ድረስ ከሚሴ ይድረሰኝ። የቃል መልስ አልቀበልም።»