ርችት የመሰላቸው ዕለት

ለምወድህ ወንድሜ ለቪጊል፤

ከርመህ እንዴት ነህ? ያ ወገብህ ዛሬም ይነዝርሃል ወይስ ተሻለህ? ባለቤትህ ጆይስና ትንሹ ፒተር እንዴት ናቸው? እናንተ ዘንድ አሁን የብርድ ወቅት ነው፣ የሸንኮራ ቆረጣውም ተጀምሯል ብለህ ስለጻፍክ፣ ሥራው እንዳይጎዳህ እያልኩ አስባለሁ። እኛ በአካል ሁላችንም አለን። እማማ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም አፏ እንደ ድሮው ነው። ባለቤቴ ፍሎሪያንም ከወይኑ ማሳ አይወጣም። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ። ይህን የምጽፍልህም አንድ ነገር ልለምንህ ነው፤ የታችኛው መስክ ላይ ዳግመኛ ድንኳን እንዳይተከል «ይዘጋ» ብለህ ላክልን። እርሻው ሳይቆረስ ለአንተ ለታላቃችን ስላለፈ፣ ከአንተ በቀር የማንም ቃል እዚህ አይሰማም።

አንተ ወደ ባሕር ማዶ ስትሄድ ድርቆሽ እናጭድበት የነበረው መስክ ዛሬ እማማ ለእንግዶች የምታከራየው ካምፕ ሆኗል። በጋው በገባ ቁጥር ጀርመኖቹና ሆላንዶቹ ድንኳናቸውን መኪና ጣሪያ ላይ ጭነው ይመጣሉ፤ ካራቫን የሚሉትን ተጎታች ቤት የሚጎትቱም አሉ። ቀን ተራራ ሲወጡ ይውላሉ፣ አመሻሽ ላይ እግራቸውን ጅረቱ ውስጥ ነክረው የእኛን ወይን ይጠጣሉ። ነጥተው ይመጡና እንደ ቲማቲም ቀልተው ይመለሳሉ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ልጆቻቸው እማማን «አያቴ» ይሏታል፤ ስትቆጣቸው ሁሉ ይስቃሉ። እኔም ለምጃቸው ነበር፤ ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይልብኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ የምታውቀው ቢጫ ያዘለ ጥቁር ደመና ከተራራው ጀርባ ወጣ። አጎት ካሲያን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጦ የበረዶውን ደወል መደወል ጀመረ። የወይኑ ዘለላ ገና ቀለም መያዝ በጀመረበት ሰሞን በረዶ ከወረደ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ስለሆነ፣ ወንዶቹ ሾርባውን ገበታ ላይ ትተው በረዶው ሳይወርድ እንዲበተን ደመናውን በሮኬት ሊመቱ ወደ ማሳው ወጡ። ፍሎሪያንም አብሯቸው ሄደ። እማማ ቤት ውስጥ መስኮት እየዘጋች ነበር። ካምፑ ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሮኬቶቹ ደመናው ውስጥ ገብተው ሲፈነዱ እንግዶቹ ከየድንኳናቸው ወጡ። ርችት መስሏቸው ነበር። ደወል ይደወላል፣ ሰማዩ ላይ እሳት ይበተናል፤ በዓል ነው ቢሉ አይፈረድባቸውም። ከዛፎቹ ሥር ሰማዩ በደንብ ስለማይታይ ወንበር ወንበራቸውን ይዘው ወደ ጅረቱ ወረዱና ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ በየፍንዳታው ያጨበጭባሉ። እኔ ከላይ ልብስ ከገመድ እያወረድኩ ነበር። ተራራው ላይ ዝናቡ ሲወርድ በዓይኔ አያለሁ፤ ጅረቱ ግን መሙላት ሲገባው ቀጠነ። ትንሽ ቆይቶ ጨርሶ ዝም አለ።

አባባ ልጆች ሳለን ለሁለታችንም የነገረንን አልረሳህም። ላይ እየዘነበ ታች ውሃው ዝም ካለ ናዳ አፍኖታል፣ ጫማችሁን እንኳ ሳትፈልጉ ሩጡ ይለን ነበር። የያዝኩትን ልብስ ጥዬ ወረድኩ። ሄልሙት የሚባለው የሐምቡርግ ሰው፣ በየዓመቱ የሚመጣው ደንበኛችን፣ ብርጭቆውን ወደ እኔ ከፍ አድርጎ «ወይዘሮ ኖትቡርጋ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ዛሬ የማን በዓል ነው?» አለኝ። «ተነሱ፣ ውሃው ሊመጣ ነው» አልኩት። «ውሃውማ ሄዷል እኮ» ብሎ ደረቁን ጠጠር ሲያሳየኝ ሁሉም ሳቁ። ሚስቱ ደግሞ «ሴትዮዋ ቀማምሰው ነው የመጡት» አለች።

ማስረዳት የምችልበት ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የሄልሙትን ትንሿን ልጅ አንኬን ከእናቷ አጠገብ መንትፌ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣ በወይኑ መሀል ሽቅብ ሮጥኩ። ልጅቷ እሪ አለች። ሄልሙት «አበደች፣ ያዟት» እያለ ተከተለኝ፤ እናቷ ተከተለችው፤ ሆላንዶቹም ሌሎቹም ሊይዙኝ ተነሱ፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውን ተከትለው እያለቀሱ መጡ። ከእርከኖቹ አንዱ ላይ ስደርስ ሄልሙት ፀጉሬን ጨብጦ ጣለኝ። ሊመታኝ እጁን ሲያነሳ አይቼዋለሁ። ሳይመታኝ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ዞር ስንል ናዳው ያፈነው ውሃ ጥሶ ወጥቶ፣ ጭቃው ቤት የሚያህል ቋጥኝ እየገፋ በወንበሮቹ ላይ አለፈ። የሄልሙት ካራቫን ተገለባብጦ ተወሰደ። ድንኳኖቹ የቆሙበት ቦታ እንኳ አልታወቅ አለ። ሄልሙት ቀስ ብሎ ፀጉሬን ለቀቀና አጠገቤ ተንበርክኮ አስመለሰው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንድም ሰው አልሞተብንም።

መንደሩ አሁን መሳቂያ አድርጎኛል። ዳቦ ቤት ስገባ በቁልምጫ ስሜ እየጠሩ «ቡርጌ መጣች፣ ልጆቻችሁን ደብቁ» ይላሉ። አብሬ እስቃለሁ። ቤት ውስጥ ግን የቧንቧው ውሃ በቆመ ቁጥር የያዝኩትን ሁሉ ጥዬ እወጣለሁ። ልብሴን ሳላወልቅ ነው የምተኛው። ፍሎሪያን ወደ ላይ ወጥቶ ሲያየው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው አፈር ከወረደው ይበልጣል አለኝ። እማማ ፊት ግን አይደግመውም፤ አማች ስለሆነ በእርሻው ነገር አፉን አይከፍትም።

እማማና አጎት ካሲያን ግን መስኩን ሊከፍቱ ጭቃውን እያስጠረጉ ነው። አጎት ካሲያን «ጅረቱ አንዴ ግሳቱን አገሳ፣ ከእንግዲህ እኛ አርጅተን ከተቀበርን በኋላ ነው የሚነሳው» እያለ ይቀልዳል። ለእመቤታችን ዕርገት በዓል መስኩ ዳግመኛ ሊሞላ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሄልሙት ነው። ሊሄድ ሲል በሁለት እጁ ጨብጦኝ አለቀሰና «ለከርሞ ቦታችንን ያዙልን» አለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ!

እማማን ለመንኳት። «የታችኛው መስክ የቪጊል ነው፤ እሱ ሳይል አንድ ችካል አይነቀልም» አለችኝ። «ሲመለስ ምን ላሳየው? ጠጠር?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ዘንድሮም ክፍልህን ኖራ አስቀብታለች። ካምፑን ያቆመችው ለእንግዶቹ አይደለም፣ ለአንተ ነው። ካምፑ ከተዘጋ የምትመለስበት ምክንያት የሚያልቅ ይመስላታል።

ስለዚህ «ይዘጋ» ማለትህ ብቻ አይበቃም፣ ወንድሜ። እማማ «ቪጊል እኛን ላለማስቸገር ብሎ ነው» ትልና ትከፍተዋለች። አንተ እንደማትመለስ እኔ ካወቅኩ ቆየሁ። እዚያ ቤት ሠርተሃል፣ ልጅህ የእኛን ቋንቋ አይሰማም። በየደብዳቤህ መጨረሻ ግን «ምናልባት ከሚመጣው ወይን ለቀማ በኋላ» ትላለህ፤ እማማም ያቺን ቃል ለቄሱ ሳይቀር ታነብለታለች። እባክህ ቁርጡን ንገራት። የምትመጣ ከሆነ አሁኑኑ ና። የማትመጣ ከሆነ «አልመጣም፣ መስኩን ተዉት» ብለህ ቴሌግራም ላክላት፤ ከበዓሉ በፊት ይድረስ። ልቧ እንደሚሰበር አውቃለሁ። የተሰበረውን ልቧን እኔ አስታምመዋለሁ፣ አጠገቧ ነኝ። ከጭቃ ሥር የወጣ ሕፃን ግን ለእናቱ ምን ብዬ ነው የማስረክበው?

ፍሎሪያን በጣም ናፍቆሃል። አጎት ካሲያን ከዚያ አገር ወይን ይልቅ ውሃችን ይሻላል በይው ብሎኛል። ጆይስን በእኔ ስም እቀፋት፣ የፒተርን ሁለት ጉንጮች ሳምልኝ። እማማ መጻፌን አታውቅም። ብታውቅ ደብዳቤውን ትቀድደውና መልሳ «ሳሚልኝ» ትለኝ ነበር፤ ስለዚህ በእሷም ስም ስሜሃለሁ።

እህትህ ኖትቡርጋ

ሳንክት ኡርባን፣ ደቡብ ቲሮል
ጁላይ 28 ቀን 1971