«ወድቀዋል» በሚል ቃል የተዘጋብን አዳራሽ

ለወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 9

ጉዳዩ፦ በአንድ ቃል የተነሳ የተዘጋው የሴቶች የጁዶ ሥልጠና እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

1. በጽሕፈት ቤትዎ ምድር ቤት አዳራሽ አሥራ ዘጠኝ ሴቶችን ከሥራ መልስ ጁዶ አሰለጥናለሁ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ትምህርት ሰው መጣል ሳይሆን ራስን ሳይጎዱ መውደቅ ነው፤ አገጭን ደረት ላይ ለጥፎ፣ ክንድን ፍራሹ ላይ ጧ አድርጎ። ከዚህ የተነሳ ሰልጣኞቹ «እትዬ ጧ» ይሉኛል። ቀላል ሥራ እንዳይመስልዎ፤ መጀመሪያ ሰሞን ሲወድቁ ጭንቅላታቸውን ትተው ቀሚሳቸውን ነበር የሚይዙት።

2. ባለፈው ወር የሩብ ዓመት ሪፖርቴ ላይ «አሥራ ዘጠኙም ሰልጣኞች ያለ ምንም ችግር ወድቀዋል» ብዬ በደስታ ጻፍኩ። የዕቅድ ክፍል ባለሙያው ግን ፈተና የወደቁ መስሏቸው «ውጤት አልባ» የሚል አስተያየት አሰፈሩበት። በዚሁ መሠረት አዳራሹ ተዘግቶ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የዕቃ ማስቀመጫ እንዲሆን ተወስኗል።

3. ላስረዳ ቢሯቸው ሄጄ ነበር። «እናቴ፣ ሁሉም ወድቀዋል ብለው የጻፉት እርስዎ፤ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ። አሁን ይሄ ያስቃል ወይስ ያስለቅሳል? ሌላ ማስረጃ ባጣ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቄ አሳየኋቸው። ጸሐፊዋ ጮኻ አምቡላንስ ጠራች። ስላስደነገጥኳት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አወዳደቄ ግን እንከን አልነበረውም።

4. ከዚያ ወዲህ ልቤ አልረጋ ብሏል። ይህን ማመልከቻ እንኳ የጻፍኩት ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። ምክንያቱ ሃያኛዋ ሰልጣኝ ናት፤ ሪፖርቱን ካስገባሁ በኋላ የመጣች ልብስ ሰፊ። ለምን እንደመጣች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን ግን ፍራሽ ስናነሳ ጠጋ ብላ፣ «ከደረጃ ላይ ሲሆንስ?» አለችኝ። የያዝኩትን ፍራሽ መልሼ ዘረጋሁላት። ታላቅ እህቴ ከገዛ ቤቷ ደረጃ ወድቃ ነው የሞተችው። የሞት ወረቀቷ «አዳልጧት» ይላል። ማን እንደገፋት እኔም አውቃለሁ፣ ጎረቤትም ያውቃል።

ስለዚህ ሪፖርቱ በትክክለኛ ትርጉሙ ተነቦ ውሳኔው እንዲሻር፣ ይህ የሚዘገይ ከሆነም ፍራሾቹ ለሁለት ሳምንት ብቻ ባሉበት እንዲቆዩልን በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ልብስ ሰፊዋ በጎን መውደቁን ችላዋለች። ወደ ኋላ ሲገፏት ግን አሁንም ጭንቅላቷ ነው ቀድሞ የሚያርፈው፤ ማታ ማታም የምትገባው ያው ደረጃ ያለበት ቤቷ ነው።

ከአክብሮትና ከጥድፊያ ጋር፣

(ፊርማ)
የሴቶች ጁዶ አሰልጣኝ