የታሸገው የእማዬ ማቆያ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ቦሌ ሩዋንዳ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የወረዳው ደንብ ተቆጣጣሪ የእማዬን የሕፃናት ማቆያ አሸገው። «ሰፈሩ መኖሪያ ነው» አለን። እናቶች ልጆቻቸውን እንዳዘሉ በሩ ላይ ቀሩ።

ፊት ለፊታችን የተከፈተውን መጠጥ ቤት እያሳየሁት «ያኛውስ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ አይደለም?» አልኩት።

«እህቴ፣ እሱ አንቺን አይመለከትም።»

የከተማ ፕላን የተማርኩት ለዚህ ቀን ይመስል፣ የከተማውን የመሬት አጠቃቀም ደንብ ከስልኬ አወጣሁ። ዓላማው የነዋሪውን ኑሮ መጠበቅ ነው፤ የሚሠራውም ለመንገዱ ግራና ቀኝ እኩል ነው። በመኖሪያ ሰፈር ማቆያ እንደሚፈቀድ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ጎበዝ አንባቢ ነሽ» ብሎ ሳቀና ሄደ።

እማዬ «ልጄ፣ አትጣዪው። የሚያውቀው ሰው ፈልገን እናስለምነው» አለችኝ።

ነገ አቤቱታዬን ለአለቃው አስገባለሁ። ደንቡ የፈቀደልንን እንደ ውለታ መለመን ከእንግዲህ አልቀበልም።