ስለ ተቃጠለችው ከተማና ስለ ታጠረው ጭቃችን

ወረታ
ግንቦት 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀይለየሱስ ተገኘ
የወረታና አካባቢው የጥንት ታሪክ ወዳጆች በጎ ፈቃድ ማኅበር ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ የሸክላ አፈር ጉድጓዳችን አጥር እንዲነሣልን ስለ መጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ ጉብታ ለመውጣት፣ ዓይንዎ ገል ለመልቀም፣ እጅዎም ችካል ለመትከል እንደ በረታ እንዲቆይ የመንደራችን ሴቶች ሁሉ እንመኛለን። እኔ አልጣሽ ካሴ እባላለሁ፤ ከወረታ ወጣ ብሎ በአስፋልቱ ዳር ባለው ጉብታ ሥር የምኖር ሸክላ ሠሪ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ የእጅ ጽሑፌን ይታገሡኝ። ያለፉት ሦስት ማመልከቻዎቼ እርስዎ ዘንድ ገብተው ስላልወጡ፣ ይህኛውም ፋይል ውስጥ ተኝቶ ቅርስ እንዳይሆን ሰግቼ በገበያው መግቢያ እንዲለጠፍ አድርጌያለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። ማኅበርዎ ለመጪው ሚሊኒየም የፎገራን ጥንታዊነት ለማስመስከር ተነሥቶ፣ ባለፈው ጥር እኛ አመድ ጉብታ የምንለውን ቦታ ቆፈረ። ብዙ ገልና ድርብርብ አመድ አገኘ። ከዚያም ጉብታውን፣ ከጉብታውም ጋር ከሥሩ ያለውን አፈር የምናወጣበትን ጉድጓድ ባለ እሾህ ሽቦ አጥሮ፣ ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ድረስ በማለት «ቅርስ ነው፣ መንካት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከለ። ባለሙያው እስከ ዛሬ አልመጣም። አሥራ አንድ ሸክላ ሠሪዎች አራት ወር ሙሉ እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይመጣል፤ በክረምት ሸክላ አይደርቅም፣ አይተኮስምም። እስከዚያ ካልሠራን ክረምቱን ልጆቻችንን የምናበላው የለንም።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤት ቁጥር ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ከተማዋ። የማኅበሩ ጸሐፊ መምህር ብሥራት ባለፈው ሚያዝያ ማኅበሩ ያገኘውን ገል ለሕዝብ ባሳየበት ኤግዚቢሽን ዕለት በአዳራሹ ባደረጉት ንግግር፣ በጉብታው ሥር ታላቅ ከተማ እንደ ነበረችና ሰባት የአመድ ንብርብር ስለ ተገኘ ሰባት ጊዜ በጠላት እንደ ተቃጠለች አስረድተውናል። ስላሳወቁን ከልብ እናመሰግናለን። እኛ የምናውቀው እናቶቻችንና አያቶቻችን በየበጋው እዚያ ላይ በኩበትና በጭድ ሸክላ ይተኩሱ እንደ ነበር፣ የተሰነጠቀውንም እዚያው ይጥሉ እንደ ነበር ብቻ ነው። በእኛ ቆጠራ ከተማዋ ከመቶ ጊዜ በላይ ተቃጥላለች። ከአቃጣዮቹ አንዷ እናቴ ወይዘሮ ውባየሁ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አይሸሹም፣ ማኅበሩ በፈለገ ጊዜ ከቤታቸው ያገኛቸዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍተሻው። የማኅበሩ ዘበኛ አዛናው በአጥሩ አጠገብ ባለፍን ቁጥር ቅርጫታችንን ገልብጦ ያያል። እኛ አዲሱ አፈር እንዳይሰነጠቅ አሮጌ ገል ወቅጠን ከጭቃው ጋር እናቦካለን፤ አሠራሩ ከእናት ወደ ልጅ የመጣ ነው። በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ግን «ቅርስ ዘራፊዎች» ተብለን ተጽፈናል፣ በቀበሌ ስብሰባም «ፀረ ልማት» የሚል ተጨምሮልናል። ለሁለቱም ማዕረግ እናመሰግናለን። ከዚህ በፊት ማንም በመዝገብ ጽፎን አያውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ነጩ ጓንት። ቁፋሮው በተካሄደባቸው ቀናት የማኅበርዎ አባላት በደጃችን ጥላ ሥር ያርፉ ነበር። ውሃ አቀረብንላቸው፤ በትሕትና እንቢ ብለው ከወረታ በጀሪካን ያመጡትን ጠጡ። ቡዳ ስለምንባል ዓይናችንን እንደ ፈሩ ገብቶናል፣ የለመድነው ነው። በኤግዚቢሽኑ ዕለት ግን እነዚያው ሰዎች የአያቴን ገል በነጭ ጓንት፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ለእንግዶች ሲያሳዩ አየሁ። አያቴ በሕይወት ሳሉ እጃቸውን ጨብጦ ሰላም ያላቸው ጎረቤት አልነበረም። ክቡር ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ትቼ ልናገር፤ ያን ዕለት አለቀስኩ። መምህር ብሥራት «ይህን የሠራው ጥበበኛ ሕዝብ የት እንደ ጠፋ አይታወቅም» ሲሉ እኛ አሥራ አንዳችን በሩ ሥር ቆመን ነበር። እጄን ባወጣ ጥያቄ የሚጠይቁት የተጋበዙ እንግዶች ብቻ ናቸው ተባልኩ።

አራተኛ፣ ስለ እንስራዋ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ባስቀመጧት እንስራ ሥር «ዕድሜ፦ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ፤ ሠሪ፦ ያልታወቀ፤ ስንጥቁ በጦርነት የደረሰ» የሚል ጽሑፍ አለ። እናቴ ዓይናቸው ደክሟልና ልዳስሳት ብለው ለመኑ፤ አይነካም ተባሉ። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ጥቂት ካዩ በኋላ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ «ኧረ ይቺ ያልጣሽ እንስራ ናት! ሳትበስል ከሳት አውጥታ ያፈነዳቻት!» አሉ። እውነታቸውን ነው። በ1972 ዓ.ም.፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የመሠረተ ትምህርቱ ክፍል እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ከእሳት አወጣኋት፤ ተሰነጠቀች፤ እናቴ በጥፊ ብለውኝ እሷን ጉብታው ላይ ጣሏት። ከጆሮዋ ሥር ያሉት ሦስት የጥፍር ምልክቶች የእኔ ናቸው፤ ዛሬም በምሠራው ሁሉ ላይ አደርጋቸዋለሁ። ሕዝቡ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም። በማግሥቱም አጥሩ ላይ ሁለት ረድፍ ሽቦ ተጨመረበት።

ጥርጣሬ የጀመረኝም ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ የተሳሳታችሁ መስሎኝ ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ሲነገረው ግን ያርማል እንጂ ሽቦ አይጨምርም።

አምስተኛው እንግዲህ አቤቱታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው። ከኤግዚቢሽኑ ሁለት ሳምንት በኋላ ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አዛናው አጥሩን ከፈተላቸው። ጉብታውን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። የለኩት በአስፋልቱ በኩል ያለውን የአፈር ጉድጓዳችንን ብቻ ነው፤ ሲወጡም ሩዝ የጫነ መኪና እዚህ መዞር ይችል እንደሆነ አዛናውን ጠየቁት። አጥሩ ውጭ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁምና ክቡርነትዎ ያስረዱኝ፤ የጥንቷ ከተማ የሩዝ መፈልፈያና የጭነት መኪና ማዞሪያ ነበራት?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ጉብታው ይቅርልዎ፤ አመዱንም ገሉንም ይውሰዱ። ጉድጓዱን ግን ሰኔ ሳይገባ ይክፈቱልን። ደግሞ እውነት ታሪክ ከፈለጉ፣ የትኛው ገል የማን እጅ እንደሆነ እናቴ አንድ ከሰዓት በኋላ በጣታቸው እየዳሰሱ ይነግሩዎታል። የመዳሰሻ ፈቃድ ብቻ ይጻፉላቸው።

ለጥንቱ ሕዝብ ያለዎት ፍቅር አንድ ቀን ተርፎ ለእኛም እንዲደርሰን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣ የት እንደ ጠፋ ካልታወቀው ሕዝብ አንዷ፣

አልጣሽ ካሴ
(ዕድሜ፦ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ)

ግልባጭ፦ ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት

ማሳሰቢያ፦ ሦስተኛውን ማመልከቻዬን ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ቆሜ ስጠብቅ፣ በር ጥግ ያለችውን የመጠጥ ውሃ እንስራ አየኋት። ባለፈው ኅዳር ሐሙሲት ገበያ የሸጥኳት ናት፤ ሦስቱ የጥፍር ምልክቶች ከጆሮዋ ሥር አሉ። በማኅበርዎ የዕድሜ አቆጣጠር ስምንት መቶ ዓመት ያለፋት ቅርስ ስለሆነች፣ አባላቱ በየቀኑ በጣሳ እየቀዱ እንደሚጠጡባት ለባህል ጽሕፈት ቤቱ አመልክቻለሁ። ባለሙያ መጥቶ እስኪያያት ድረስ ቢሮዎ በሽቦ ቢታጠር እንዳይከፋዎት። ውሃ ከጠማዎት ደጃችን ቅርብ ነው።