በራሱ ያልወጣው ዲስክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ጠዋት ክሊኒክ ስገባ የታካሚዎቹ ፋይል የሚቀመጥበት ሰርቨር ከሁለቱ ዲስኮች በአንዱ ብቻ ሲሠራ አገኘሁት፤ ሌላው ከሥራ ወጥቷል። ሁለቱም የሚይዙት ያንኑ መረጃ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ያተርፈናል። የቀረው አንዱ ትናንት ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ከቡሹሎ ድረስ የሚመጡት እናቶች የክትትል ፋይል ሁሉ ይጠፋ ነበር።

የወጣውን ዲስክ መረመርኩት። ጤነኛ ነው። ሰርቨሩ የመዘገበውን ሳነብ ደግሞ እሁድ ከሰዓት በኋላ በሰው ትእዛዝ መውጣቱን አየሁ። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የምናውቀው እኔና ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ማርቆስ ብቻ ነን። እኔ እሁድ ቀኑን ሙሉ የእህቴ ልጅ ምርቃት ላይ ነበርኩ።

ዲስኩን መልሼ አስገባሁት። መረጃው ከሌላው ዲስክ ወደ እሱ መገልበጥ ሲጀምር ወደ ጋሽ ማርቆስ ቢሮ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አንዱ ዲስክ ወጥቶ አገኘሁት» አልኳቸው። ሌላ አልጨመርኩም።

«ዕቃ ነው፣ ያረጃል» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ጠሩኝ። «ማን እንዳወጣው ይመዘግባል እንዴ?»

«አላየሁም» ብዬ ዋሸኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግልበጣው አለቀ፤ ሁለቱ ዲስኮች እኩል ሆኑ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሁድ ዲስኩን ወስደው የሰው ፋይል ገልብጠው መልሰውት ይሆን? ለማን? ወይስ ሲነካኩ ተሳስተው ለማመን አፈሩ? መሳሳት ከሆነ ለምን አይነግሩኝም?

ከመውጣቴ በፊት የይለፍ ቃሉን ቀየርኩት። ነገ አዲሱን ሲጠይቁኝ ፊታቸውን እያየሁ ምን እንደምላቸው አላውቅም።